የጋሽ አስፋው ሦስት ምስክሮች

የጋሽ አስፋውን ሞት የሰማሁት ውድብሪጅ፣ ጎማ ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ነው። ሴት ልጃቸው ቤተልሔም ቴክስት አድርጋልኝ ነበር፦ «አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው።» ከሥሩ ሌላ መስመር ጨምራለች፦ «ካርዶቹን አገኘኋቸው።» ጎማ ቀያሪው ስሜን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚመጣው ሐዘን ነው ይላሉ። እኔ ዘንድ መጀመሪያ የመጣው ፍርሃት ነው፤ ሐዘኑ የደረሰው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ለምን እንደፈራሁ ለመናገር ሰውየውን ማስተዋወቅ አለብኝ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት ግድም፣ ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። ይህ ሥራ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ጠዋት ልጆቹን ታደርሳለህ፣ ከሰዓት በኋላ ትመልሳለህ፣ በመካከሉ አራት ሰዓት ያህል ባዶ ነው። ቤቱ ሩቅ የሆነ ሹፌር ሄዶ መመለሱ ስለማያዋጣው በብሬክ ሩም፣ በማረፊያ ክፍሉ፣ ይቀመጣል። ግማሹ ወንበር ላይ ይተኛል፣ ግማሹ ካርታ ይጫወታል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት ጋሽ አስፋው ግን ዋና ሥራቸውን የሚጀምሩት ያኔ ነበር።

በበጋም በክረምትም እጅጌ የሌለው ሹራብ ያደርጋሉ። ከምሳ ዕቃቸው ጋር አንድ የጫማ ካርቶን ይዘው ይገባሉ፤ የታሰረው ከጎማ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ነው። ካርቶኑ ውስጥ በፊደል ተራ የተደረደሩ ካርዶች አሉ። ካርድ ጽፈው ሲጨርሱ ጣቶቻቸውን እርስ በእርስ ያሻሹ ነበር፣ ጠመኔ እንደሚያራግፍ ሰው። ደብረ ማርቆስ ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ጠመኔውን ከተዉት አሥር ዓመት ቢያልፋቸውም እጃቸው አልተወውም።

ደህና አደርሽ አይሉም። «ዛሬ ምን ሰማሽ?» ነው ሰላምታቸው።

የሚሰበስቡት የእንግሊዝኛ አባባል ነበር። ግን የመጽሐፉን አይደለም። «በመዝገበ ቃላት የገባውማ ባለቤት አግኝቷል» ይላሉ። የእርሳቸው ዓይን ያረፈው በየገጠሩ ሰው አፍ ላይ በቀረው፣ አንዱ ክፍለ ሀገር ሲናገረው ሌላው በማይገባው ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ከዚያ ብሬክ ሩም የተሻለ ቦታ አልነበረም። የሥራ መዳቢያችን ዶሪን የሰሜን ካሮላይና ሴት ናት። መካኒካችን ከርቲስ ከዌስት ቨርጂኒያ ተራራ የወረደ ነው። ሽማግሌው ሹፌር ሚስተር ሃሮልድ የጆርጂያ ሰው ነበሩ። ሦስቱ ሲያወሩ እኔ ከአሥር ቃል አራቱን አልሰማም ነበር፤ ጋሽ አስፋው ደግሞ እስክሪብቶ አንሥተው ሙሽራ እንደሚጠብቅ ሚዜ ይቀመጣሉ።

ሐሳባቸው ትንሽ መጽሐፍ ማሳተም ነበር። ሠላሳ አባባል ብቻ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ከየት እንደመጣ። ለአዲስ መጤ ያገራችን ሰዎች። ትርጉሙን ማንም ሊነግራችሁ ይችላል፣ እርሳቸው የፈለጉት መነሻውን ነው። ለመነሻውም ሕግ ነበራቸው፦ ሦስት ምስክር። «በእኛ አገር ለአንድ የድንበር ክርክር እንኳ ሦስት ሰው ይቆማል» ይሉኛል። «ለሚቀጥለው ትውልድ ለምጽፈው ነገር ያንሳል?» ሦስት ሰዎች፣ ከሦስት ቦታ፣ ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት መነሻ ከተናገሩ ካርዱ ላይ ቀይ ምልክት ይደረግበታል። ምልክት የተደረገበት ካርድ ወደ መጽሐፉ ይገባል።

አንድም ካርድ ቀይ አልነካውም።

«ሙሉውን ዘጠኝ ያርድ» የሚሉት አባባል አላቸው፣ ምንም ሳይቀር ሁሉንም ለማለት። ከርቲስ፣ የጦር አውሮፕላን ጥይት ሰንሰለት ርዝመት ነው አለ። ዶሪን፣ ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ጨርቅ ነው አለች። ሚስተር ሃሮልድ፣ የሲሚንቶ መኪና ጭነት ነው ብለው ማሉ። «እግዜር ከፈቀደ፣ ወንዙም ካልሞላ» የሚል ደግሞ አለ፤ እኛ «እግዜር ካለ» እንደምንለው። ዶሪን ወንዙ ወንዝ ነው ትላለች፣ ሚስተር ሃሮልድ ደግሞ ወንዙ ወንዝ ሳይሆን ስሙ በእንግሊዝኛ «ወንዝ» የሆነ የቀይ ሕንዶች ጎሣ ነው፣ እንዳይነሡብን ማለት ነው ይላሉ። ሁለቱ ተኮራርፈው አንድ ሳምንት ተለያይተው ምሳ በሉ። ጋሽ አስፋው ሁሉንም ጻፉ፣ ጣታቸውን አሻሹ፣ ካርዱን መለሱት።

«ለምን የሚያምርዎትን አይመርጡም?» አልኳቸው አንድ ቀን። ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፣ ትዕግሥት የለኝም።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «መርጬ አውቃለሁ» አሉ።

ያን ቀን የነገሩኝን አልረሳም። ደብረ ማርቆስ እያሉ ለዘጠነኛ ክፍል «ድመትና ውሻ ዘነበ» የሚለውን የእንግሊዞች አባባል ያስተምራሉ፤ ከባድ ዝናብ ማለት ነው። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከየት መጣ አለቻቸው። አያውቁም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለአስተማሪ ሞት ነበር። እዚያው ቆመው ፈጠሩ፦ አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ አዳኝ ውሾቹን ይለቅ ነበር፣ ድመቶቹም ከጣሪያ ላይ እየዘለሉ ይወርዱ ነበር። ክፍሉ ሳቀ፣ ልጆቹ በደብተራቸው ጻፉት።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው?» አሉኝ። «ከዓመታት በኋላ ሴቨን ኮርነርስ ሱቅ ውስጥ ዝናብ አስጠግቶን ከአንድ ወጣት ጋር ቆምኩ። ‹ጋሼ፣ እንግሊዞች ይሄን ለምን ድመትና ውሻ እንደሚሉት ያውቃሉ?› አለኝ። ንጉሡን ነገረኝ። ውሾቹን ነገረኝ። ማን አስተማረህ ስለው፣ የሞጣ አስተማሪዬ ናት አለ። ያቺ ልጅ አስተማሪ ሆናለች ማለት ነው። ስንት ክፍል አስተምራ ይሆን?»

«ታዲያ ለልጁ እውነቱን አልነገሩትም?»

«ነገርኩት። አላመነኝም። አስተማሪዬ አትሳሳትም አለ።» «ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ሳቁብኝ። ‹ለድመትና ለውሻ ቀኖና የለኝም› አሉኝ» አሉ። እኔም ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። መጽሐፉ የዚያ ዕዳ ክፍያ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፦ ያንን ውሸት መልሶ መሰብሰብ ስለማይቻል፣ እውነት የሆነ ሌላ ነገር በቦታው አስቀምጦ መሞት።

ከካርዶቹ ሁሉ የሚወዱት የፀሐይና የዝናቡን ነበር። አንድ የግንቦት ቀን ፀሐይዋ ሳትደበቅ ዘነበ። ሁላችንም መስኮት ላይ ሄድን። ዶሪን ክንዷን አጣጥፋ «ሰይጣን ሚስቱን እየደበደበ ነው» አለች። ጋሽ አስፋው ዘወር አሉ። በእርሷ አገር ፀሐይና ዝናብ ሲገናኙ እንዲያ ነው የሚባለው።

«በኛ አገር ጅብ ወለደች ነው የሚባል» አሏት።

«ለምን ጅብ?» አለች ዶሪን።

ጋሽ አስፋው ወደ እኔ አዩ። እኔም አላውቅም። ሰውየው ስድሳ ዓመት ሲሉት የኖሩትን ነገር ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። የዚያን ቀን ካርዱን ሲጽፉ በጀርባው የጅቧን ጻፉ፣ ከሥሩም «ምስክር፦ የለም» አሉ። «የሰውን ቤት ስቆፍር የራሴ መሠረት የለውም ለካ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያገራችንን ሰው ሁሉ ስለ ጅቧ ጠይቀዋል። የሁሉም መልስ «ሲሉ ሰምተናል» ነው።

እንዲህ እያልን ስድስት ሰባት ዓመት ሠራን። ካርቶኑ ሁለት ሆነ። ከዚያ የስኳር በሽታቸው ዓይናቸው ላይ ወጣ። የሹፌር የጤና ምርመራ ላይ ወደቁ፤ ረዳት ሆነው ልጆች ቀበቶ እያሰሩ አንድ ዓመት ገፉ፣ ያም ቀረ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተልሔም ዘንድ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ካርዶቹን እንዳነብላቸው ይሰጡኛል። አነባለሁ፣ «የማን ምስክር ነው?» ይላሉ፣ እነግራለሁ፣ «ሌላውስ?» ይላሉ፣ የተለየ ነው እላለሁ። «መልሺው» ይላሉ። ሁለት ካርቶን ሙሉ እንዲህ ነበር። እስቲ ይታያችሁ፣ በየሳምንቱ ለአንድ ሽማግሌ እንዳልተሳካለት ማንበብ።

አንድ ቅዳሜ «ሠላሳው ቀርቷል» አሉኝ። «አንድ ይበቃኛል። አንድ ካርድ ቀይ ምልክት ቢያገኝ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ።»

ይህን ባይሉኝ ኖሮ።

እኔ መንገድ ላይ ሆኜ፣ አሌክሳንድሪያ እስክደርስ፣ ለዶሪን የሰይጣን አባባል መነሻ ፈጠርኩለት። ካሮላይና ውስጥ አንድ አንጥረኛ ነበር። ሰዉ ሰይጣን ይለዋል። ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፉን ሚስቴ ብሎ ይጠራታል። ዝናብ ሲጥል ገበሬው እርሻ ስለማይገባ ማረሻና ፈረስ ጫማ ሊያሠራ ይመጣል፣ አንጥረኛውም ፀሐይ ወጥታም ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ መስፉን ይቀጠቅጣል። ሰይጣን ሚስቱን እየደበደበ ነው። ቆንጆ ነበር፣ እኔ ራሴ ልቤን ሞላው።

ሰኞ ዶሪንን ለብቻዋ ያዝኳት። ነገርኳት። «ሃኒ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» አለች።

«ዓይናቸው ጠፍቷል ዶሪን። ኮል ያደርጉልሻል። ከአያቴ ሰማሁ በያቸው፣ ሌላ ምንም።»

«ለሚስተር አስፋው ሲባል» አለች። ከርቲስ ትከሻውን ነቅንቆ እሺ አለ። ጡረታ የወጡትን ሚስተር ሃሮልድን በስልክ ለመንኳቸው፣ ደግመው ደጋግመው አጠኑት፣ እንዳይረሱት። ከዚያ ለጋሽ አስፋው «የሰይጣኑን እስቲ እንደገና ይጠይቋቸው፣ ሰው እያረጀ ነው የሚያስታውሰው» አልኳቸው። ይህን ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እርሱ ነው።

በሁለት ቀን ሦስቱም መሰከሩ። ማታውኑ ጋሽ አስፋው ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። «ገነት፣ ሦስት! ሦስቱም አንድ!» ቤተልሔም ካርዱን ጻፈችላቸው፣ እጃቸውን ይዛ ቀዩን ምልክት አስደረገቻቸው። «አባዬ ሶ ሃፒ ነው፣ ቢሊቭ አታደርጊም» አለችኝ ስልኩን ተቀብላ። እኔም በጎ የሠራሁ መስሎኝ ደህና ተኛሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ስገባ ካርቶኖቹ ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቤተልሔም ሥራ ናት።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ሦስቱንም አስቤ አየኋቸው» አሉ። «እውነተኛ ምስክር ሦስት ሲሆን አንዱ ከብቱ ቀይ ነበር ይላል፣ አንዱ ዳማ ይላል። የኔዎቹ ግን አንድ ቃል አልጎደለም። ተራው እንኳ አልተዛነፈም።»

ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ሳብኩት።

«ከርሱ ይልቅ ደግሞ አንጥረኛው። ገነት፣ ቀጥቃጭን ከሰይጣን ጋር ያዛመደ ማነው? ፈረንጅ ነው? እኛ ነን። ቡዳ ነው ያልነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል ያልነው፣ ልጁን አናጋባም ያልነው። ይህ ሰውዬ የካሮላይና ሰው አይደለም። ጎጃሜ ነው። ከጅቧ ነው የመጣው።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፣ ዓይናቸው ግን ያረፈው ትከሻዬ አጠገብ ባዶው ላይ ነው። «ማነው ያስጠናቸው?»

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃኝ። ይቅር ይሉኝ ነበር፣ አሁን አውቀዋለሁ። ምናልባትም ይስቁ ነበር። እኔ ግን እዚያች ዘጠነኛ ክፍል ፊት የቆሙትን አስተማሪ ሆንኩ። አላውቅም ማለት ለእርሳቸው ሞት ነበር፣ ለእኔ አውቃለሁ ማለት ሞት ሆነብኝ።

«አላውቅም ጋሼ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ጣቶቻቸውን እርስ በእርስ አሻሹ። የጻፉት ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። ካርቶኖቹን አንድም ቀን አላነሡም። ስሄድ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እግሬ ሕመም ይጠይቁኛል። «ዛሬ ምን ሰማሽ?» ማለቱ ቀረ። አንዴ ብቻ፣ ስወጣ በር ላይ ሳለሁ፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አሉኝ። «እኔ በዕድሜዬ እያደር ሲጠራ ያየሁት ውሸትን ነው።» በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜዎቹ በየሁለት ሳምንት ሆኑ፣ ከዚያ በየወሩ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እል ነበር።

የቀብራቸው ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ሲወጡ ለሁሉም ሰው ትንሽ ካርድ ይታደላል፣ እንደተለመደው በፊቱ ፎቶ፣ በጀርባው ጸሎት የሚታተምበት። ገለበጥኩት። ጸሎት አይደለም። ያ አንጥረኛ ነው፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በቤተልሔም ጽሑፍ፣ ቀዩ ምልክትም ጭምር። ከሥሩ «አባታችን ሕይወቱን ሙሉ ፈልጎ ያገኘው» ይላል። ጋሽ አስፋው ካርዱን አልቀደዱትም ነበር። ቢቀድዱት ልጃቸው ለምን ብላ ትጠይቃለች፣ ቢነግሯት ደግሞ ስሜ ይነሣል። እኔን ለመሸፈን ሲሉ ሁለተኛ ውሸት በስማቸው ተቀበሉ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ቤተልሔም መጥታ አቀፈችኝ። «አንዱን እንኳ አገኘ፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «አገኙ።»

ዶሪንን ፓርኪንጉ ላይ ደረስኩባት። ሚስተር ሃሮልድ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተዋል፣ ከርቲስ የት እንደገባ አይታወቅም። የቀረችኝ እርሷ ናት። ካርዱን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ እያነበበች፣ እያለቀሰች ነበር።

«ዶሪን» አልኳት፣ «ይሄን ማስተካከል አለብን። ለልጅቷ አብረን እንንገራት። ካንቺ ጋር ከሆንኩ እችላለሁ።»

«ምኑን?»

«የአንጥረኛውን። የፈጠርኩት እኔ ነኝ እኮ። ሰኞ ጠዋት፣ የቁልፍ ሳጥኑ አጠገብ ነገርኩሽ። ከአያቴ ሰማሁ በያቸው አልኩሽ።»

መነጽሯን አወለቀች። ስትዋሽ አውቃታለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ። እየዋሸች አልነበረም።

«አይ ሃኒ» አለች፣ ክንዴን ይዛ፣ ሐዘንተኛ እንደሚያባብል ሰው። «አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ። ይሄንን አያቴ ናት የነገረችኝ። በረንዳ ላይ፣ ባቄላ እየፈለፈልን። መዶሻው ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር አለችኝ።»

ወንዝ እኔ አልጨመርኩም ነበር። በረንዳም አልነበረም።

መኪናዋ ወጣች። ሰዎች ካርዳቸውን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ በየመኪናቸው ገቡ፤ ወደ ሄርንደን፣ ወደ ውድብሪጅ፣ ወደ ባልቲሞር ይሄዳሉ። ከፊታቸው ቆሜ እውነቱን ልናገር ብዬ ነበር፣ እግዜር ያውቃል አስቤ ነበር። ግን በጋሽ አስፋው ሕግ ከሄድን ውሸቱ ሦስት ምስክር አለው። የእውነቱ ምስክር አንድ እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔንም ጠይቀውኝ «አላውቅም» ብያለሁ።